የዘርይሁን ጺምና የቶቤጎ ባሕር

ውሃው እንደገና ገባ። ዘርይሁን የመጥለቂያ መነጽሩን ከፊቱ አላቀቀና የገንዳውን ጠርዝ በአንድ እጁ እንደያዘ ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ድረስ ሳለ። አጠገቡ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ የቆመው የዋና አስተማሪው ሊዮ መነጽሩን ተቀብሎ አገላበጠው፤ የጎማውን ዙሪያ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና መልሶ ሰጠው።

«መነጽሩ ምንም አልሆነም፣ ዜሪ። ችግሩ ያ ነው» ብሎ የዘርይሁንን አገጭ በጣቱ አሳየው። «ጎማው ቆዳ ላይ ካልተጣበቀ ውሃ ማስገባቱ አይቀርም። ሌላው ቢቀር ሪዝህን ላጨው። እዚህ የሚገባብህ የገንዳ ውሃ ነው፤ እዚያ ግን የባሕር ጨው ነው። አንድም ዓሣ ሳታይ ትመለሳለህ።»

«አሁን መላጨት አልችልም» አለ ዘርይሁን።

«ምላጭ ከሌለህ እኔ ጋ አለ።»

«ምላጭስ አለኝ።»

ሊዮ ትከሻውን ሰበቀና ወደ ሌሎቹ ተማሪዎች ዋኘ። ገንዳው ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ፎጣ ታቅፋ የተቀመጠችው ልጁ ሩሃማ ግን ሁሉንም ሰምታ ነበር፤ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አንከባለለች።

ጺሙ የሐዘን ጺም ነበር። ሚስቱ ጸዮን ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ሞታ ከተቀበረች ወዲህ ምላጭ አልነካውም፤ ደረቱ ጋ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ልብሱም ጥቁር ነው፤ የዋና ቁምጣው ሳይቀር። ወደ ገንዳው የሚመጣውም ሐበሻ በማይበዛበት ሰዓት መርጦ ነው፤ ከል ለብሶ ውሃ ሲንቦጫረቅ ያየው ሰው ምን ይላል ብሎ። ዋናውን ግን መተው አልቻለም። ያስጀመረችው ጸዮን ናት።

ጸዮን አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች የምትንከባከብ ሠራተኛ ነበረች። ከምትንከባከባቸው አንዷ የቶቤጎ ደሴት ተወላጅ የሆኑ አሮጊት ነበሩ፤ ጸጉራቸውን ስታበጥርላቸው ስለ አገራቸው ባሕር ያወሯታል። እሷ ደግሞ ማታ ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው ሰፈር ባለው አፓርታማቸው እራት ላይ ለዘርይሁን ታወራለታለች። ወለሉ መስታወት የሆነ ጀልባ አለ፤ እግርህ ሥር ዓሣው ሲርመሰመስ ታያለህ። ከባሕሩ መሃል ደግሞ ውሃው ወገብ ብቻ የሚደርስበት ነጭ አሸዋ አለ፤ እዚያ የተነከረ ሰው ወጣት ይሆናል ይባላል። በፈረንጅ ፋሲካ ሰሞን ፍየል ያሽቀዳድማሉ።

«ፍየል?» አላት ዘርይሁን ያን ጊዜ።

«ፍየል! ጋላቢው ግን አይጋልባትም። ገመዷን ይዞ በባዶ እግሩ ከኋላ ከኋላዋ ይሮጣል።»

«ታዲያ ማን ነው የሚያሸንፈው፣ ፍየሏ ናት ወይስ ሰውዬው?»

«ሄደን እንጠይቃቸዋለን» አለች። እንደ ቀልድ የተጀመረው ነገር ቁም ነገር ሆነና ጸዮን ጉዞውን ያዘች፤ በየቀኑ ምን እንደሚሠሩም መረጠች። ከሁሉ በላይ የፈለገችው ከጀልባው ወርዳ፣ መነጽሩን አድርጋ፣ ፊቷን ውሃው ውስጥ ነክራ ከባሕሩ ሥር እንደ አበባ የሚያድገውን ኮራል ማየት ነበር። ለዚያ ደግሞ ትንሽም ቢሆን ዋና መቻል ያስፈልጋል። ሁለቱም አያውቁም። አብረው ተመዘገቡ፤ እሷ መንሳፈፍ ስትጀምር እሱ ገና ጠርዙን አልለቀቀም ነበር። ከዚያ ታመመች። ጉዞውን የያዘችበት ቢሮ ለሚቀጥለው ዓመት አዛወረላት። ሆስፒታል ሳለች ቦታዋን ለሩሃማ ሰጠችና፣ «ትኬቱ እንዳይቃጠል» አለችው፤ ዕቃ እንዲገዛ የምታዝዘው በሚመስል ድምፅ።

አሁን ቀኑ ደርሷል፤ የፈረንጅ ፋሲካ ሊገባ ነው። ዘርይሁን ግን በዚያ ጺምና በዚያ ጥቁር ልብስ ሰው ቁምጣ ለብሶ ወደሚስቅበት የባሕር ዳርቻ ሊሄድ አይችልም። ሊያወልቀውም አይችልም። ከል የለበሰ ሰው በገዛ እጁ አያወልቅማ። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ይመጣል፤ «በቃህ፣ እሷም አትወደው» ይለዋል፤ ሐዘንተኛው እምቢ ይላል፤ ይለምኑታል፤ ከዚያ ጺሙን ላጭተው ነጭ ሸሚዝ ያለብሱታል። ወግ ነው። ራሱን በራሱ ላጭቶ የወጣ ሰው ግን ሚስቱን ለመርሳት የቸኮለ ይመስላል።

ሙት ዓመቷ ተዘከረ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ዘርይሁን ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቤቱን አጽድቶ፣ ለስላሳ ገዝቶ ፍሪጅ ውስጥ ደርድሮ ይጠብቃል። የሚመጣ ጠፋ። ለስላሳውን ሩሃማ ጠጥታ ትጨርሰዋለች።

«አባ፣ ጀስት ላጨው» አለችው ከገንዳው ወደ ቤት ሲሄዱ። ዳር ዳሩን የተረፈው በረዶ ጠቁሯል፤ መንገዱ ውሃ አቁሯል።

«እኔ አይደለሁም የምላጨው። ሰው ነው የሚያወልቅልኝ።»

«የትኛው ሰው?»

«ሰዎች ናቸዋ።»

«ኦኬ። ኮል አድርጋቸው።»

«እንዲህ ያለ ነገር ተደውሎ አይጠየቅም፣ ሩሃማ። ኑና ሐዘኔን አስወጡልኝ ይባላል?»

«ሶ አንተ እነሱን ትጠብቃለህ፤ እነሱ አንተን ይጠብቃሉ።» ቆም ብላ አየችው። አፏን ስታጣምም እናቷን ትመስላለች። «አንተ ካልሄድክ እኔም አልሄድም። ብቻዬን ቆሜ ፍየል ሲሮጥ አላይም። ሲሪየስ ነኝ።»

በማግስቱ ከሥራ እንደወጣ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ካለች ካፌ ጓደኛውን ዋለልኝን አገኘው። ዋለልኝ ታክሲ ነጂ ነው፤ ከዘርይሁን ጋር ብዙ ዘመን የቆየ፣ ጸዮን ስትቀበርም ከጎኑ ያልተለየ ሰው ነው። ሁለቱም ሻይ አዘዙ። ዘርይሁን ነገሩን ከየት እንደሚጀምር ጨነቀውና ጺሙን አከከ።

«ይኼ ነገር ከበደኝ» አለ።

«ያምርብሃል። ጳጳስ መስለሃል።»

«የምሠራበት ዳቦ ፋብሪካ በመረብ ሸፍኜ ካልሆነ አያስገባኝም። ጸጉሩ ሊጡ ውስጥ ይገባል እያሉ።»

«መረቡን ማድረግ ነዋ። ምን ችግር አለው?»

ዘርይሁን ሻዩን ፉት አለ። «አይ… ሙት ዓመቷም አለፈ አይደል። ጊዜው እንዴት ይሮጣል እንደው።»

ዋለልኝ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አንተ ሰውዬ፣ ልታወልቅ ፈልገህ ነው እንዴ?»

«እኔ ይህ ቃል አልወጣኝም።»

«አልወጣህም። ከመጣህ ጀምሮ ግን ጺምህን ስታክ ነው ያየሁህ፤ ቁንጫ የገባበት መስሎኝ ነበር።» ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታዲያ ያልከውን ነገር የት እናድርገው?»

«ምን አልኩ?»

«መቃብሩ ላይ! ‹ይህን ከል የምታወልቁልኝ ከሬሳዬ ላይ ነው› ብለህ ጮኸህ የለም? በረዶው ላይ ተንበርክከህ! በብብትህ ገብቼ ያነሳሁህ እኔ አይደለሁም? ሕዝቡ ሁሉ ሰምቶሃል። ቄሱም ሰምተዋል።»

ዘርይሁን ምንም ትዝ አላለውም። ከዚያን ቀን በአእምሮው የቀረው አንድ ቢጫ ማሽን ነው፤ መሬቱ በብርድ ደርቆ አልቆፈር ስላለ ጉድጓዱን ያወጣው፣ በኋላም ራቅ ብሎ ሞተሩን አጥፍቶ የቆመው። ደግሞ አንድ ጓንቱ ጠፍቶ እጁ መደንዘዙ። የተናገረው ነገር እንዳለ አላወቀም።

«በዚያን ቀን ሰው የሚለው ሁሉ ይያዛል?» አለ።

«እኛም እንደሱ ነው ያልነው። ሙት ዓመቷ እንዳለፈ ልንመጣ ተነጋግረን፣ ምላጩን እንኳ እኔ ልይዝ ተመድቤ ነበር። ከዚያ ቀረ።»

«ለምን ቀረ?»

ዋለልኝ ስኳር ያልጨመረበትን ሻይ ማማሰል ጀመረ። «እኔን አትጠይቀኝ። ሂድና እማማ ጸሐይወርቅን ጠይቅ።»

እማማ ጸሐይወርቅ የጸዮን እናት ናቸው። ስካርቦሮ ውስጥ አዛውንቶች በሚኖሩበት ሕንፃ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ዘርይሁን በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ይጠይቃቸዋል። በዚያ ሳምንት ግን እሁድን መጠበቅ አልቻለም። ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ብርቱካን ገዝቶ፣ ከባቡር ወርዶ አውቶቡስ ተሳፈረ። አውቶቡሱ በየፌርማታው እየቆመ ሲንፏቀቅ ምን ብሎ እንደሚጀምር አሰበ፤ አልመጣለትም።

«ዛሬ እሁድ አይደለም» አሉት በሩን ሲከፍቱ። ከሻሻቸው እስከ ነጠላ ጫማቸው ጥቁር ለብሰዋል። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማማ። እንደው መጣሁ።»

«እንደው የመጣ ሰው ይህን ሁሉ ብርቱካን አይሸከምም። ግባ።»

መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። እማማ ብርቱካን እየላጡ ያቀብሉታል፤ እሱ ይበላል። የሚፈሩት ሰው ቤት የመጡ ልጆች እንደሚያደርጉት አንዱን ሳይውጥ ሌላውን ይጎርሳል።

«እኔና ሩሃማ…» አለ ቆይቶ፤ «ያ ጸዮን የያዘችው ጉዞ ቀኑ ደርሷል።»

«አውቃለሁ። እንዲያው እዚያ ሄዶ ሰው ምን ይሠራል?»

«ምንም አይሠራም። መዝናናት ነው።»

«ምንም ላለመሥራት በአውሮፕላን?»

ዘርይሁን ፈገግ አለ። ወለሉ መስታወት ስለሆነው ጀልባ ነገራቸው። እማማ ቢላዋቸውን አቁመው አዳመጡ።

«ዓሣ ለማየት ነው? ዓሣ እዚህ ታች ሱቁ ውስጥ በረዶ ላይ ተጋድሞልህ የለም?»

«ይኼኛው በሕይወት ያለ ነው።»

«በሁዳዴ ደግሞ!»

«ልናየው ነው እንጂ ልንበላው አይደለም፣ እማማ።»

«ሩሃማን አላምናትም» አሉ። «ወጣት ያደርጋል የተባለውስ ውሃ የት ነው?»

«ባሕሩ መሃል። ወገብ ነው የሚደርሰው።»

«በሃይላንድ ቀድተህ አምጣልኛ። ጉልበቴን ላሸው።» ሳቁ። እሱም ሳቀ። «ጸዮን ስለ ፍየሏም ነግራኝ ነበር። ከኋላዋ ይሮጣል ስትለኝ፣ ያቺ አሮጊት ቀልዳብሽ ነው ብያት ነበር። ተቆጣችኝ። ‹እማዬ፣ ሄጄ ፎቶ አንስቼ ካላሳየሁሽ› አለችኝ።»

ሳቁ እዚያ ላይ አለቀ። ከታች መንገዱ ላይ አውቶቡስ ቆሞ ሄደ። እማማ የብርቱካኑን ልጣጭ አንድ ላይ ሰበሰቡ፤ ከሰበሰቡትም በኋላ እንደገና ሰበሰቡት።

«ፊቴን ውሃ ውስጥ ስነክር» አለ ዘርይሁን፣ «መነጽሩ ውሃ ያስገባብኛል። አስተማሪው ከጺምህ ነው አለኝ።»

እማማ ቀና ብለው አዩት።

«ዋለልኝ ነገረህ?»

«ምንም አልነገረኝም። እማማን ጠይቅ ነው ያለኝ።»

«ፈሪ» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው አሳረፉ። «እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። የሟቿን እናት ሳናስፈቅድ አይሆንም ብለው እዚህ መጡ፤ አንተ የተቀመጥክበት ላይ ነው ዋለልኝ የተቀመጠው። ‹መቃብር ላይ የማለን ሰው መሐላውን አታፍርሱበት› አልኳቸው። እውነት ነው ብለው ተነስተው ሄዱ።»

«እኔ እንደማልኩም አላውቅም ነበር።»

«ለመሐላህ አስቤ መሰለህ? እኔስ ያን ቀን ያልኩትን መች አውቀዋለሁ።» ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ስለ ጎረቤት የሚያወሩ ይመስላሉ። «ይህ አገር ሐዘን አያስቀምጥም። ሁሉም በሳልስቱ ሥራው ገባ። ሩሃማ ቢጫ ጃኬት ለብሳ መጣች፤ ልጅ ናት፤ ምንም አላልኳት። አንተ ግን እሁድ እሁድ በዚያ በር በጥቁርህ ስትገባ፣ ልጄ የሞተችው ትናንት ነው እላለሁ። ትናንት ከሆነ፣ ከትናንት ወዲያ እዚህ ነበረች ማለት ነው። ያቺ ወንበር ላይ። አንተ ያወለቅህ ቀን ራቀችብኝ።»

ዘርይሁን መቆጣት የሚገባው መሰለውና ቁጣውን ፈለገው። አላገኘውም። ቅዳሜ ቅዳሜ የደረደራቸው ለስላሳዎች ትዝ አሉት፤ እነሱም አላናደዱት። ያገኘው ሌላ ነገር ነው። በየእሁዱ እዚህ በር ላይ ሲደርስ እሱም ልክ እንደዚያ ይሰማው ነበር። ጥቁር የለበሱት ሴትዮ በሩን ሲከፍቱለት ጸዮን ከበስተኋላቸው ካለው ክፍል የምትወጣ ይመስለው ነበር።

«ቆይ ካሉኝ በጥቁሬ እቆያለሁ፣ እማማ» አለ። ለወግ ያለው አልነበረም። «ጉዞው ይቅር። የሰው ደሴት ሳያዩ መሞት ነውር አይደለም።»

«ሩሃማስ?»

«አንተ ካልሄድክ አልሄድም ብላለች።»

«ስለዚህ ሁለታችሁም ትቀራላችሁ።»

«እንቀራለን።»

 እማማ የወንበሩን ክንድ ተደግፈው ተነሱና ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ። መሳቢያ ሲከፈት፣ የሆነ ነገር ሲፈለግ፣ መሳቢያው መልሶ ሲዘጋ ተሰማው። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ፎጣ፣ በሌላው ማበጠሪያና የልብስ መቀስ ይዘዋል።

«ምላጭ የለኝም፤ ቢኖረኝም ዓይኔ ለምላጭ አይታመንም» አሉት። «እኔ በመቀስ አሳጥርልሃለሁ። የቀረውን ቤትህ ጨርሰው። ሰው ከጀመረልህ ራስህ ብትጨርሰው የሚያማህ የለም።»

«እማማ…»

«ወንበሩን ወደ ብርሃኑ አዙረው።»

አዞረው። ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠመጠሙለት፤ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ወረቀት እግሩ ሥር አነጠፉ። መቀሱን ከፍተው ከቆሙ በኋላ ግን አልጀመሩም።

«እምቢ በል እንጂ» አሉት። «እንደ ወጉ ይሁን።»

«እምቢ።»

«ድምፅህን ከፍ አድርግ። እንዲህ እምቢ ያለ ሰው ማን ይለምነዋል?»

«እምቢ፣ አላወልቅም!»

«በቃህ፣ ልጄ» አሉ እማማ። «በቃህ። እሷም…» ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ሁለቱም ያውቁታል። እማማ ሞከሩት፤ አልወጣላቸውም። መቀሱን የያዘው እጃቸው ትከሻው ላይ አረፈና እዚያው ቆየ። ዘርይሁን ዞሮ አላያቸውም። ጥቂት ቆይቶ የመጀመሪያው ቁራጭ ወረቀቱ ላይ ወደቀ።

ቀስ ብለው ነው የቆረጡት። በማበጠሪያው ያነሱታል፣ ይለኩታል፣ ይቆርጣሉ። አንዳንዴ አገጩን በጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ ያቀኑታል። እጃቸው ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል።

«ሁሉም ሸብቷል» አሉ። «ከፊትህ ላይ ሳለ ጥቁር ይመስለኝ ነበር።»

«እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።»

ሲጨርሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉና ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው መረመሩት። የመቀስ ሥራ ስለሆነ አንዱ ጉንጭ ከአንዱ ይረዝማል።

«ፊትህ አነሰ» አሉት። «ደህና ነው። ሰው መስለሃል።»

ዘርይሁን ፎጣውን አጥፎ ተነሳ። ወረቀቱን ከነጸጉሩ ጠቅልሎ ወደ ቆሻሻ መጣያው ወሰደው፤ ከዚያ መቀሱን ከእጃቸው ተቀብሎ ፊት ለፊታቸው ቆመ። ዓይኑ የት እንዳረፈ አውቀው እጃቸውን ወደ ጥቁር ሻሻቸው ሰደዱ፤ ሊያወልቁት ሳይሆን ሊያጠብቁት።

«የእኔ ይቆይ» አሉ። «እናት ሌላ ናት። አትለምነኝ፤ የእኔ እምቢ የወግ አይደለም።»

«አልለምንዎትም።»

«እሁድ መምጣትህን ግን እንዳትተው።»

«እመጣለሁ።»

«በነጭም ቢሆን ና። ዓይኔ ይለምደዋል።» መቀሱን መልሰው ተቀበሉት። «አሁን ሂድ። አውቶቡሱ ሲሞላ መቆም ትጠላለህ።»

ኮቱን ለበሰ። ኮቱ ጥቁር ነው፤ ሌላ የለውም። ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ የሊፍቱን ቁልፍ ሲጫን ከኋላው የበር ድምፅ አልሰማም። ዞር ብሎ ሳያይም አወቀ፤ በሩን ገርበብ አድርገው ጀርባውን፣ ያንን ጥቁር ኮት፣ እያዩት ነው። አገጩ ላይ፣ ነፋስ ነክቶት የማያውቅ ቦታ ላይ፣ ብርድ ብርድ አለው።

ሊፍቱ መጣ። ዘርይሁን ጀርባውን እንደሰጠ አልገባም። ዞረና ወደ ኋላው እየሄደ ገባ፤ ፊቱን እንዲያዩት። እማማ ጸሐይወርቅ በሩን ይዘው ቆመው አዩት። ዓይናቸውን ከፊቱ ላይ አላነሱም። እሱም የሊፍቱ በር እስኪዘጋ ድረስ ፊቱን አላዞረም።